የንስሐ አባቴ ያልመለሱልኝ ጥያቄ

ቢቸና፣ ግንቦት 21

የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩልኝ ቤት መጡ። በውሃው ላይ ጸሎቱን አድርሰው ሲጨርሱ፣ የምርጫ ካርድ ላውጣ ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብታወጪ ጫካ ያሉት ይጠይቁሻል፤ ባታወጪ ቀበሌው ይጠይቅሻል» አሉኝ።

እሱንማ እኔም አውቃለሁ። የቸገረኝ እግዚአብሔር ምን ይለኛል የሚለው ነው። በየቅዳሴው ለአገር ሰላም እንለምናለን፤ ከደጁ ስንወጣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ወደየቤታችን ነው።

«ዝም ማለቴ ኃጢአት ከሆነ ቀኖና ይስጡኝ» አልኳቸው።

ለትንሹም ለትልቁም ስግደት የሚያዙኝ ሰው ዛሬ መሬት መሬት አዩ። «እኔም የራሴን ንስሐ አባት ጠይቄያቸው ነበር። አለቀሱ እንጂ አልመለሱልኝም» አሉና ሳይረጩ ወጡ።

ጠበሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እንዳልደፋው ተጸልዮበታል፤ እንዳልረጨው ሥልጣኑ የለኝም።