ባዶዎቹን ቀናት ያዘዋወሩት ዶን ኤራክሊዮ ናፖሌስ

ዶን ኤራክሊዮ ናፖሌስ ላጉና ከአባታቸው ከዶን ክሪሳንቶ ናፖሌስና ከእናታቸው ከዶኛ ባሲሊሳ ላጉና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በሚልፓ አልታ፣ በቴውትሊ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። አባታቸው ከማጌይ ተክል ጣፋጩን ውሃ እየቀዱ ፑልኬ የተባለውን መጠጥ የሚጠምቁ ሰው ነበሩ። ዶን ክሪሳንቶ ያረፉት ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስለ ነበር፣ ዶን ኤራክሊዮ ከአባታቸው የቀራቸው ትዝታ ድምፃቸው ብቻ ነበር። እሱም እያደር እየደበዘዘባቸው መሄዱ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳዝናቸው ኖሯል።

በመንደራቸው እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1953 ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄደው በዶን ፕሮኮፒዮ የእንጨት ሥራ ቤት አናጺነት ለመዱ። ዶን ፕሮኮፒዮ ሐሙስ ሐሙስ፣ መጋዙ ሲቆም፣ ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው የሙታንን መንፈስ ያስጠሩ ነበር። ወጣቱ ኤራክሊዮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ምናልባት የአባቴን ድምፅ እሰማለሁ ብለው ነው። አባታቸው ግን አልመጡም። መጣሁ ያለው የጥንቷ ቴኖችቲትላን ከተማ ሊቅ ሲሆን፣ በመንፈስ ጠሪዋ ሴት አፍ ስለ ከዋክብትና ስለ ቁጥር ምሥጢር በስፓኒሽ ይናገር ነበር። ዶን ኤራክሊዮ በእናታቸው ቋንቋ፣ የዚያች ከተማ ሰዎች ይናገሩት በነበረው በናዋትል፣ «እንዴት አመሹ?» ቢሉት ሊቁ ዝም አለ።

ዶን ፕሮኮፒዮ ታዲያ «ተወው ልጄ፣ ከሞተ እኮ ስንት ዘመኑ ነው! አንተ ትናንት መጥተህ ናዋትልህ ዝጎ የለ እንዴ?» አሏቸው።

ዶን ኤራክሊዮ ይህን ባወሩ ቁጥር እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ጠረጴዛውን ግን አልተዉትም።

በ1964 ከወይዘሪት ካሲልዳ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ፤ ልጃቸውን አውሬሊያንና ሁለት ወንዶች ልጆችንም አፈሩ። ከአንድ ወፍራም ግንድ እየቦረቦሩ፣ ቆዳ እየወጠሩ የሚሠሯቸው የቁም ከበሮዎች በአካባቢው ሁሉ ይታወቃሉ። በ1966 «የጭስ መስታወት» የተባለውን ክበብ መሠረቱ። ከጠረጴዛው የተማሩትና ከእናታቸው የወረሱት በዚያ ተገናኘ። አራቱን የዓለም ማዕዘናት በቀንድ አውጣ መለከት ሰላም ይላሉ፣ በጥቁሩ የድንጋይ መስታወት የሄዱትን ይፈልጋሉ፣ በእንፋሎት ቤት ይነጻሉ፣ ኮከብም ይቆጥራሉ። እሑድ ቅዳሴም አይቀሩም ነበር። ቄሱ «ዶን ኤራክሊዮ፣ ለመሆኑ ስንት ቤት ነው የሚሳለሙት?» ሲሏቸው «አባቴ፣ ቤቱ አንድ ነው፤ እኔ በር አላማርጥም» ይሉ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚከበሩት በቀን ቆጣሪነታቸው ነው። በክበቡ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ስሙን የሚያገኘው በጥንቱ የቀን አቆጣጠር እርሳቸው ቆጥረው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ያሉት አምስት ቀናት ግን ባዶ ናቸው፤ ከበሮ አይመታባቸውም፣ ሰርግ አይደገስባቸውም። በእነርሱ የተወለደም የቀን ስም የለውም፤ ከንቱ ይባላል፣ ዕድሉም አያምርም። ባዶዎቹ ቀናት መቼ እንደሚውሉ ግን ክበቦቹ አይስማሙም። በዶን ኤራክሊዮ ቆጠራ የካቲት አጋማሽ ከመድረሱ በፊት ነበሩ፣ በሶቺሚልኮው ቀን ቆጣሪ በዶን ሌኦባርዶ ቆጠራ ደግሞ በመጋቢት። በዚህ ምክንያት በአደባባይ ተጣሉ። ዶን ሌኦባርዶ «አናጺው ዓመቱንም በመጋዝ አሳጠረው!» አሉ። ዶን ኤራክሊዮም «እሱ ሰውዬ የገዛ ልደቱን እንኳ የሚያከብረው ወር ዘግይቶ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

በየካቲት 1998 ልጃቸው አውሬሊያ ያለ ወሯ ወለደች። አውሬሊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ደመና ስታይ ጎርፍ የሚታያት ሰው ናት። ያን ዕለት የጠየቀችው ወንድ ይሁን ሴት ሳይሆን «ቀኑ ስንት ነው?» ብላ ነበር። የካቲት ስምንት ነበር። ሕፃኗ ከእርግብ አትበልጥም፣ አለቃቀሷም አይሰማም።

«አባባ፣ ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው።

ዶን ኤራክሊዮ በጣቶቻቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያም ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጥተው በአውቶቡስ ሶቺሚልኮ ወረዱ፤ የዶን ሌኦባርዶንም በር አንኳኩ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ ዶን ሌኦባርዶ።

«ሰው ተወለደ። ዓመትህን ስጠኝ።»

ዶን ሌኦባርዶ ሊስቁ ጀምረው ነበር፤ የሕፃኗን ነገር ሲሰሙ ግን ወንበር ሳቡላቸው። ትኩስ ታማሌ ቀርቦላቸው፣ ሁለቱ አብረው ቆጠሩ። ዶን ኤራክሊዮ ሲመለሱ ሕፃኗን አቅፈው «የቀን ስምሽ ሦስት አበባ ነው፤ ባዶ አይደለሽም» አሏት። የቤት ስሟንም ዮልትሲን አሏት፤ ትንሿ ልቤ ማለት ነው።

«የርስዎስ ቆጠራ፣ አባባ?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«እውነት ተሳስተው ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ልጅሽን አጥቢ!»

በክበቡ ፊት ቆመው ቆጠራዬን ለውጫለሁ ሲሉ አንዳንድ ሽማግሌዎች «ለአንዲት ሕፃን ተብሎ ዓመት ይገፋል?» ብለው ተቆጡ። እርሳቸው የመለሱት «እሷን ከምገፋ ዓመቱን ብገፋው ይሻለኛል» ብለው ነው። አውሬሊያ ግን ልቧ አላረፈም፤ ለጥንቃቄ በየካቲትም በመጋቢትም ልጇን ከቤት አታስወጣም ነበር። አያት ይህን ሲያዩ «ልጄ፣ በሁለቱም ቆጠራ ከታሰረች ይቺ ልጅ መቼ ትጫወት?» እያሉ በጓሮ በር ወደ ሥራ ቤታቸው ይወስዷትና ከበሮ ያስተምሯት ነበር። ዮልትሲን ዛሬ የክበቡ ከበሮ መቺ ናት።

ባለቤታቸው ዶኛ ካሲልዳ በ2010 አረፉ። ዶን ኤራክሊዮም የዘመናት የእንጨት ብናኝ በሳንባቸው ላይ ባመጣው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ቅዳሜ የካቲት 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ።

ቀኑ በቀድሞ ቆጠራቸው ባዶ ነው፤ ዛሬም እንዲሁ። ትናንት የክበቡ ሽማግሌዎች መጥተው «ነገ ከበሮ ከተመታ መንገዱ ይዘጋባቸዋል» አሉ። አውሬሊያ ይህን ሰምታ ፈራች። ቀኑ ባዶ ነው ተብሎ ከበሮው ዝም ካለ ግን አባቷ ለዮልትሲን የሰጧት ስም ውሸት ነበር ማለት ይሆናል። በዚህ መካከል ዶን ሌኦባርዶ በምርኩዝ እየተደገፉ ገቡ። «እኔ በስተርጅና ቆጠራው ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያን ቀን በሬ ላይ የቆመው ሰው ግን ስለ ልጅቷ እርግጠኛ ነበር» አሉና መለከታቸውን ሬሳው አጠገብ አኖሩ።

ዶን ኤራክሊዮ የሦስት ልጆች አባትና የስድስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው አውሬሊያ አሁንም ትፈራለች፤ ቢሆንም አባቷ በዝምታ አይሸኙም።

አራቱም ማዕዘናት በር ይሁኑላቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር። በጠረጴዛውም በመስታወቱም ሲፈልጉት የኖሩት የአባታቸው ድምፅ ከደጅ ወጥቶ በስማቸው ይጥራቸው።

ዮልትሲን፣ ልጄ፣ ከበሮውን ምቺው።