የጉቶዎቹን ባለቤቶች የጠየቁት መምህር ኦጉቱ ራባላ

መምህር ኦጉቱ ራባላ ከአባታቸው ከአቶ ራባላ ኦዴራና ከእናታቸው ከወይዘሮ አኬዮ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በካንያዎ መንደር እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለዱ። ገና በተማሪነታቸው ጥያቄ በማብዛት አስተማሪዎቻቸውን አሰልችተዋል፤ ይህ ጠባያቸው ኋላም አልለቀቃቸውም። በ1970 በመምህርነት ተመርቀው ባደጉበት ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1973 ከወይዘሮ ሚልካ አዶዮ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1986 የትምህርት ቤቱ ምንጭ ነጠፈ። መምህር ኦጉቱ ምክንያቱን ፍለጋ ኮረብታውን ቢወጡ ያገኙት ጉቶ ብቻ ነበር። በየጉቶው ሥር ቆመው ሽማግሌዎቹን "ይኼ የማን ነው?" ይሉ ጀመር። እያንዳንዱ ባለቤት ነበረው፤ ዛፉ ለአንድ አዛውንት ለቅሶ ተቆርጦ የነደደ ነው። በእኛ በሐይቅ ዳር ሰዎች ወግ አባወራ ሞቶ ደጁ ላይ ትልልቅ ግንድ ካልነደደ እንደ ውሻ ተቀበረ ይባላል። ስድሳ አንድ ጉቶ በየሟቹ ስም መዝግበው፣ ዛፍ የሌለው ኮረብታ ውሃ እንደማይዝ አስረድተው በሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡት። አገር ተቆጣ። "ይኼ ሰውዬ ለቅሶ የሚደርሰው ግንድ ሊቆጥር ነው" እያሉ ሰላምታ የነሷቸውም ነበሩ።

በ1988 አባታቸው ዐረፉ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኦዴራ ከምንጩ አናት የቀረችውን የመጨረሻዋን ሾላ ሊያስቆርጡ ተነሡ። መምህር ኦጉቱ ቢለምኑ፣ እናታቸው "አባትህን ልታዋርደው ነው?" አሏቸው። መለመናቸውን ትተው የመጋዙን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙ። በሳምንቱ ይህንኑ ሳይደብቁ ጻፉት። ስድሳ አንድ ጉቶ ያላሳመነውን አንባቢ ይህ ጽሑፍ አንጀቱን በላው። ከየመንደሩ "እኛም ቆርጠናል" የሚል ደብዳቤ ጎረፈ፤ የሴቶች ማኅበራት ችግኝ መትከል ያዙ፤ በብዙ ቤትም የለቅሶው እሳት ወደ አንድ ቅርንጫፍ አነሰ። እርሳቸው ግን የሾላዋ ነገር በተነሣ ቁጥር ያለቅሱ ነበር።

መምህር ኦጉቱ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2019 ዐረፉ። "ለእኔ አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ" የሚል ቃል ትተዋል። አቶ ኦዴራ "ሰው ምን ይለኛል? ወንድሙን ያለ እሳት ቀበረ አይለኝም?" ብለው ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን "ያኔም ለምኖኝ አልሰማሁትም፤ አሁን እንኳ እሺ ልበለው" አሉ። እሳቱስ የት ነው ለምትሉ ለቀስተኞች፦ እሳቱ በሚነድበት ቦታ ወንበር አስወጥተው፣ ማንም ግንድ እንዳያወርድበት የተቀመጡት የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት አቶ ኦዴራ ናቸው።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ስምንት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው አሉ። ጥፋታቸውን ከሰው ያልደበቁትን የእኚህን ሰው ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ወንበሩ ላይ ላሉትም ብርታቱን ይስጥልን።