ቀላሏ ዲስክና የወደፊት አማቴ

ጉልቤው ወዳጄ፣

ምክርህ ሠርቷል፤ እግዜር ይስጥህ! እኛ ሰፈር ሳህን የሚወረወረው ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው። እዚህ እነእጮኛዬ ዘንድ ግን አባቷ ሳህን የምታህል የፕላስቲክ ዲስክ ከሩቅ እየወረወሩ ሰንሰለት ያለው ቅርጫት ውስጥ ይከታሉ፤ ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ያነጋገሩኝ "ጫማህን አውልቅ" ለማለት ብቻ ነው።

"ቀለል ያለችውን ያዝ፣ ሩቅ ትሄድልሃለች" ብለኸኝ አልነበር? አንድም ቀን ሳትወረውር ሊቅ መሆንህ ይገርመኛል። መቶ ሃምሳ ግራም የምትመዝነውን ገዝቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ፊት ለፊት በሚነፍሰው ንፋስ ላይ ለቀቅኳት። እውነትም ሩቅ ሄደች! ንፋሱ ወደ ቀኝ ገለበጣትና አግዳሚው ላይ የነበረውን የሳቸውን የሻይ ፔርሙስ ገነደሰችው። ዲስኳም እኔም ቀለልን።

"ልጄ፣ ቀላል ዲስክ ለደካማ ክንድ ርቀት ይጨምራል፤ ንፋስ ሲመጣ ግን አይረጋም" አሉኝ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።

በማግስቱ ንፋሱ ከኋላ ሲሆን የኔኑ ዲስክ አንስተው ወረወሯት። በዚያ ባረጀ ክንዳቸው፣ ከራሳቸው ከባድ ዲስክ ሃያ እርምጃ አሳለፏት። ከዚያ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት፤ እስካሁን አልመለሱልኝም። እጮኛዬ "አባዬ ከማይወደው ሰው ዕቃ አይወስድም" ብላ አቅፋኝ አለቀሰች።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ እህትህንም ናፍቀሽዋል በላት። አንተ ደግሞ ከአሁኑ ለሠርጋችን ከረባት ተዋስ፤ ያንተን አይቼዋለሁ።