የእንቁራሪቷና የስንታየሁ መድኃኒት

ሰኞ፣ ኅዳር 7። ጧት።
ሳህኖቹን ከማሞቂያው አወጣሁ። ባክቴሪያው አልቋል። ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘው የኔ ፔፕታይድ፣ ያ ትንሽዬ ፕሮቲን፣ ገደለ። እሱን አስመስሎ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ስንታየሁ በኬሚካል የሠራውም ገደለ። እኩል። ደስ አለኝ።

ከዚያ ከደም ፈሳሽ ጋር ቀላቀልናቸው። ደም ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የኔን በልተው ጨረሱት። የሱ ወይ ፍንክች!

ፕሮፌሰሯ ሐሙስ አንዱን ትመርጣለች። የተመረጠው ብቻ በአይጥ ይሞከራል። የኔ ከቀረ የማስተርስ ጥናቴም አብሮ ቀረ። አሁን ከስንታየሁ ጋር በዕብራይስጥ ይሳሳቃሉ። እሱ እዚሁ እስራኤል ተወልዶ፣ ውትድርናውን ጨርሶ የመጣ ነው፤ ቀልዱ ይገባዋል። እኔ ዘግይቼ ፈገግ አልኩ። ቅናት ነው፣ ማስታወሻዬ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት።
የስንታየሁ ልደት። ኬክ እየቆረሱ ነው። ጾም ነኝ ብዬ ላቦራቶሪ ቀረሁ። የደሙን ሙከራ ጀመርኩ። ባክቴሪያ ገድሎ የሰውንም ቀይ የደም ሴል የሚያፈነዳ መድኃኒት ዋጋ የለውም።

የኔ ደህና። የሱ ቀይ! ሴሎቹ ፈንድተዋል! ለሱ ሳልነግር ወደ ፕሮፌሰሯ ሮጥኩ። ፊቷ ጠቆረ። እንግዲያው በእንቁራሪቷ እንቀጥላለን አለች።

ስንታየሁም ሰማ። ቆይቶ ቁራሽ ኬክ አመጣልኝ። «እህቴ፣ ፓርቬ ነው፣ ወተት የለውም። ለጾምሽ ይሆናል።» እንቁላልም አንበላም ብዬ ላስረዳው አልፈለግኩም። ተቀበልኩት። ወደ ቤቴ፣ እዚህ ኢየሩሳሌም ያለውን የኢትዮጵያ መንገድን ዳገት እያንጎራጎርኩ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10። ጧት 2፡00።
የትናንቱን ዕቃ ሳጥብ አየሁት። የተጣራ ውሃው ጠርሙስ ጎድሏል። የኔን ዱቄት በጨው ውሃ ነው የበጠበጥኩት። የሱን በችኮላ በተጣራ ውሃ! ባዶ ውሃ ብቻውን ቀይ ሴል ያፈነዳል። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

ተንኮል አልነበረም። ግን የኔ ቢቀላ ኖሮ አሥሬ እፈትሽ ነበር። የሱ ሲቀላ አንዴም አልፈተሽኩ።

4፡30።
በጨው ውሃ ደገምኩት። አልፈነዳም። የሱ መድኃኒት ደም አይጎዳም፣ ደም ውስጥም ይቆያል። የኔ አይቆይም። ማንም አላየኝም። ሳህኑን ቆሻሻ ውስጥ መጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እንዴት እንደምቀናበት! ኬኩን ያመጣልኝ ባይሆን ይቀለኝ ነበር።

5፡00።
ስብሰባው ተጠራ። የትናንቱንም የዛሬውንም ሳህን ይዤ እገባለሁ፤ የውሃውንም ስህተት እናገራለሁ። አጠገቡ ግን አልቀመጥም። ደስ ሲለው ማየት አልችልም።