የአባባ ጂፕ አይብረቅረቅ

ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ

ከት/ቤት መልስ ወደ ቀለም ቀቢው ወደ በራሶ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ጂፑ ተቀብቶ ደርቋል። በሩ ላይ የገዛ ፊቴ አፈጠጠብኝ። ደብተሬ፣ በዚህ ዕድሜ ፊትን በድንገት ማየት ደግ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል።

በራሶ ጂፑን እየዞረ ይስቃል። ቀለም ቀቢነትን የተማረው ከጣልያን ነው፤ የማያብረቀርቅ ቀለም ለሱ ያልቦካ ሊጥ ነው። አረንጓዴው ልክ ነው፣ አልዋሽም። የአባባ፣ የአማቴ የአቶ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጂፕ ግን እንዲህ አያበራም ነበር። ከፍስሐ ገነት እስከ ባንኮ ጎቲቲ እየዞረ ቡና ሲገዛበት፣ ፀሐይና አቧራ በልተውት ደብዝዞ ነበር።

ድብዝዝ አድርግልኝ አልኩት። ሳቁ ቆመ።

«መምህር፣ ሙት ዓመት እኮ ነው! ሰው ምን ይላል? ተሰማ ሰው ሳይተው ሞተ ይላል!»

ታኅ. ፭

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አስካለ ቡሌ ክሊኒክ ነርስ ናት። አባቷ ሲሞት ራሷ ጠይቃ ተዛወረች፤ ዲላን አልቻለችውም። ለሙት ዓመቱ ትወርዳለች። ጂፑን እንደምታውቀው ሆኖ ካየችው፣ ልጅ ሳለች አቧራው ላይ በጣቷ ትጽፍበት የነበረውን፣ ምናልባት ትቀራለች። ዕቅዴ በሙሉ ይኸው ነው። ስለ ጦር ስልት ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ የከሳ ዕቅድ ግን አልገጠመኝም።

ነጠላ ጫማዋ በር ሥር እንዳለ ነው። ቤት ስጠርግ ዙሪያውን ነው የምጠርገው።

ታኅ. ፯

በራሶ በግድ እሺ አለ። ቀለሙ ውስጥ የሕፃን ፓውደር ደባልቀን የኋላውን በር ረጨን። ሲደርቅ ነጣ። ሸተተም። ጂፑ ከፊት ጄኔራል፣ ከኋላ ሙሽራ። ላምባ ጨምረን ደገምን፤ ቀለሙ ተንጠባጠበ፤ ሙሽራይቱ አለቀሰች። በራሶ በሩን ፍቆ እንደገና ቀባው። ዝምታው በጣልያንኛ ነበር።

ታኅ. ፱

ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘነበች ድስት ትፈትጋለች። አመድ፣ የእንሰት ቃጫ። ድስቱ ቦግ ይላል። እስቲ ብዬ በራሶ በሰጠኝ የተቀባ ላሜራ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት፤ ደበዘዘ! ድስት የሚያበራ ነገር ቀለም ያደበዝዛል። ፈላስፎች ስለዚህ ምን እንዳሉ ከመጻሕፍቴ ፈለግሁ። ምንም። ከነሱ መሐል ድስት ያጠበ የለም መሰለኝ።

ናፈቀችኝ። ይህን ለወ/ሮ ዘነበች አልነገርኳትም፤ ግን ታውቃለች፤ ወጥ ላከችልኝ።

ታኅ. ፲

በራሶ እጄን አላስገባም ብሎ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በተነፋ አመድና በረጠበ ቃጫ ኮፈኑን ጀመርኩ።

«እያዞርክ ነው?» አለ፣ ዞር ሳይል።

አዎ አልኩ።

«አታዙር! በርዝመቱ! ወይ አምላኬ!»

ተነሥቶ ቃጫውን ቀማኝ። እስኪመሽ አብረን ፈተግን። አሁን ብርሃኑ ላዩ ላይ አይነጥርም፤ ይሰርጋል። መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። አባባ እንደ ልማዱ ክላክስ ነፍቶ የሚያስደነግጠኝ መሰለኝ። በራሶ እጁን እየታጠበ፣ በራሶ ቀባው እንዳትል፣ ለማንም፣ አለ።

ታኅ. ፲፪፣ ማታ

ደብተሬ፣ ጉድ።

ቡና ይሸጡለት የነበሩ የአባባ የጥንት ደንበኞች ከባንኮ ጎቲቲ ለሙት ዓመቱ ወረዱ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጂፑን ከበው ቆመዋል። አይተውት አንጀታቸው አልቻለም። ጌታው ቢሞት ከሳ፣ ቆዳው ደረቀ፣ ተባብለው ለዝክሩ ካመጡት ቅቤ ቀቡት። ኮፈኑን፣ በሮቹን፣ የጭቃ መከላከያውን። ቅቤ እየተቀባ እንደሚመረቅ ሽማግሌ ራስ። ጂፑ በሕይወቱ እንዲህ አብርቶ አያውቅም። ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ለመፈተግ ጊዜ የለም። አስካለን ልቀበል ወደ ቡሌ መንገድ ነዳሁ። አቧራ። ቅቤ። የቀረውን አንተ አስበው። በበቅሎ የወረደችበት ቦታ ስደርስ ጂፑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው።

ጃንጥላዋን አጥፋ ቀረበች። ዞራ ዞራ አየችው። በሩ ላይ በጣቷ አንድ መስመር ሠራች፤ ጣቷን አሸተተች።

«ቅቤ ነው?»

ነገርኳት። ሳቀች፤ መረገጫው ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር። ከዚያ አለቀሰች። በዚሁ ቅደም ተከተል።

ታኅ. ፲፫፣ ጠዋት

ትቀሪያለሽ ወይ አልኳት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ዲላ አባባ የነበረበት ከተማ ነው፤ በየጥጉ ይጎድልባታል። ቡሌ ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ አይጎድልም። እንከን የሌለው ክርክር። ተሸነፍኩ። ሻይ ቀዳሁ።

«ቡሌ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?» አለች።

ደብተሬ፣ ዓመት ሙሉ እሷን ስለማውረድ ብቻ ነው ያሰብኩት። ጂኦግራፊ እያስተማርኩ፣ አቀበት ወደ ላይም እንደሚያስኬድ አልታየኝም።

ዝውውር እጠይቃለሁ። መንገዱ በበጋው ደርቋል፤ ጂፑን ዛሬውኑ ይዘነው እንወጣለን፤ ቡሌ ጉም ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። በራሶ መጥቶ ቅቤና አቧራውን አየ፤ ልጠበው ብሎ ለመነን። አስካለ እምቢ አለችው።

ነጠላ ጫማዋን አነሣሁ። ሥሩ የዓመት ጥራጊ። ልጥረገው ብዬ መጥረጊያ ይዣለሁ፤ አስካለ ውጭ ጂፑ ውስጥ ሆና ክላክሱን እየነፋች ነው፣ እንደ አባቷ።