ደጃፌ ላይ የደረደርኳቸው ጆንያዎች

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16፣ ሸዋ ሮቢት

የሌሊቱ ዝናብ እንደገና ቤቴን አጥለቀለቀው። ፍራሹ ረጥቧል፤ ለክረምት ያስቀመጥኩት ማሽላም ጭቃ ሆኗል። አምና የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መንገዱ አሥር ሜትር መሆን አለበት ብለው አጥሬንና በረንዳዬን ሲያፈርሱ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይም አብሮ ይቆፈራል ብለውኝ ነበር። መንገዱ ሰፋ፤ ቦዩ ግን እስከ ዛሬ የለም። ከላይ ሰፈር የሚወርደው ውሃ ሁሉ ቀጥ ብሎ እኔ ቤት ይገባል።

ጠዋት ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ጆንያ በአፈር ሞልተን ደጃፌ ላይ ደረደርን። እጃችንን ሳንታጠብ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ።

«እነዚህን አንሷቸው። መንገዱን አጥብበውታል፤ ደንቡ አይፈቅድም።»

«ቦዩስ?» አልኩት።

«እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

እትዬ ዘይነባን አላስቻላቸውም። «ያ አላህ! ታዲያ ልጄ፣ እኛ የምንሰጥመው በየትኛው ክፍል ነው?» አሉት።

እሱ ግን እስከ ነገ ጆንያዎቹ ካልተነሱ በመኪና አስጭናቸዋለሁ ብሎ ሄደ። እኔን ያናደደኝ ዛቻው አይደለም፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ መሄዱ ነው።

አሁን በደብረ ሲና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጆንያዎቹን አላነሳሁም። ነገ መኪናው ሲመጣ እላያቸው ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል።