በእኔ ፈንታ ወደ እናንተ የተሻገረችው ሴት

እህት ዓለም፣

ይህን ካርድ በችኮላ ነው የምጽፍልሽ። ወደ ሌላው ዓለም መሻገር በር ከፍቶ መግባት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ሰው ወዲህ ሲመጣ፣ በክብደት የሚተካከለው ሌላ ሰው ደግሞ ከዚህ ወደ እናንተ መሄድ አለበት! ገና በሩ ላይ ካለው የሰው ሚዛን እንደወጣሁ አንዲት ልብስ ሰፊ ከሥራዋ አስነስተው አመጡ። መርፌው ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው። «ኧረ ልጄ ብቻዋን ናት!» ብትል ማን ሰምቷት። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ዓለማቱ ሚዛን ከሳቱ ሁላችንም አለቅን» አላት ሚዛን ያዡ። እኔ ስገባ እሷ ወጣች። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ይጠጋጉለታል እንጂ ባለቤት ይወጣል?

ልጇን አፈላልጌ አገኘኋት፤ አሁንም ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። በሩ መልሶ የሚከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እኔ ስመለስ እናቷ ትመጣለች። ካርድ ግን ስለማይመዘን በሩን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይደርስሻል። በእናትሽ፣ ሴትዮዋ እዚያ በሩ አጠገብ ግራ ገብቷት ቆማ ይሆናል፤ ሩጪና ቤትሽ አስገቢያት።

እማዬን፣ ባልሽን፣ ያንን ወሬኛ ጎረቤታችንንም ሳሚልኝ። ለሴትዮዋ «ልጅሽ በልታለች፣ አላለቀሰችም» በያት። ሁለተኛው ውሸት ነው።